የማልሽልኝ ወተት

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽ እናቴ? ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ዶሮዎችሽ፣ ደጃፍ ላይ ተጋድማ እንግዳውን ሁሉ የምታዘልለው ድመትሽ፣ አጥር ላይ ተደግፋ የቤታችንን ወሬ የምትለቅመው ጎረቤትሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ናፍቆቱን ከደህናው መለየት አቃተኝና ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ለብቻሽ አንብቢው። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ለዚያ ነው። እንዳልደውልልሽ አንቺ ስልኩን ድምፁን ከፍተሽ ሰፈሩን ሁሉ ታሰሚያለሽ፤ ደግሞም ድምፄ ያሳብቅብኛል። የሚያደርሱልሽ አዋላጇ እትዬ ናቸው። ውስጡ ምን እንዳለ አያውቁም፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ልክ ነው ብያቸዋለሁ። ዋሸሁ። በእኛ ቤት ለደግ ነገር መዋሸት የዘር ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ፦ ድቤሽን ይዘሽ ነይ! ወንድሜ በሰርጌ ድቤ አይመታም ካለሽ ጀምሮ እንዳኮረፍሽ አውቃለሁ። የሰውን ልጅ ሁሉ በድቤዬ ስድር ኖሬ የገዛ ልጄን እንደ ለቅሶ ቤት አፌን ዘግቼ ልድረው ነው ወይ ብለሽ ለአዋላጇ ማልቀስሽንም ሰምቻለሁ። እኔም በራሱ ሜዳ ገጠምኩት። እሱው ሃይማኖቴን እንድማር ደርስ ቤት ወስዶ ያስጀመረኝን ኪታብ ገለጥኩና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች በሰርግ ላይ ድቤ ይመቱ እንደነበር ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ጺሙን አከከና፣ እሺ፣ በሴቶቹ ክፍል ብቻ፣ ለሴቶች ብቻ አለኝ። ወንዶቹንማ ማን ፈለጋቸው አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ እንደ ድሮው ነው እናቴ፤ ትከሻው ከአፉ ቀድሞ ይስቃል።

በሱ ላይ ያለሽን ስሞታ ሁሉ አውቀዋለሁ። ለእረፍት መጥቶ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከእጅሽ የነጠቀሽ ቀን ያልሽው አሁንም ያስቀኛል። ነቢያችን ልብሳቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር ቢልሽ፣ እሳቸውማ እናታቸው በልጅነታቸው ሞታባቸው ነው፣ ያንተ እናት እዚህ ቆማለች፣ አምጣ ሳፋዬን! አልሽው። ሰው ምን ይለኛል ነበር ጭንቀትሽ። እኔ ግን ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ፣ ሸሚዙን ሲያሽ ክንዱን እያየሁ፣ ይሄ ትምህርት ጥሩ ትምህርት ነው ብዬ ነበር።

ያው ትምህርት ነው ግን ቀድሞ እጁን ከእኔ ያስመለሰው።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ? ፍሪጅ ጥገና ሊማር ከተማ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ የመጣ ቀን። በራችን ተንኳኳ። እኛ ቤት ማን ያንኳኳል? ቆጣሪ አንባቢው ነው ብለሽ ኩርሲውን ከቆጣሪው ሥር አነሳሽለት። እኔ ሊጥ በሊጥ በሆነ እጄ ከፈትኩ። እሱ ነው፤ ጺሙን አሳድጎ፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሆኖ። ልጠመጠምበት ስሮጥ ወደ ኋላ ሸሸ። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ አሰላሙ ዐለይኩም አለ። እኔ ሁለት እጄን እንደ ልብስ መስቀያ ዘርግቼ ቀረሁ። ሊጡ እንዳይነካው ነው የሸሸው ብዬ ነበር እኮ፤ ሮጬ ሄጄ ታጠብኩ! ታጥቤ ስመለስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለአንቺ ሲነግርሽ ሰማሁት። እናቷ ጎረቤታችን ነበረች፣ በወሊድ ሞተችና አንቺ አሳደግሻት፣ አላህ ምንዳሽን ይክፈልሽ፣ ማሳደግ ግን እህት አያደርጋትም፣ እኔ ለእሷ ባዳ ነኝ፣ ከእንግዲህ ተከናንባ ነው የምታየኝ እያለ። ክፉ አልተናገረም። ባዳ የምትለዋን ቃል ሲላት ግን የታጠበ እጄን ቀሚሴ ላይ ደግሜ ጠረግኩ።

አንቺ የድስቱን ክዳን አስቀመጥሽና፣ ነቢዩንስ ያጠባቻቸው ሌላ ሴት አይደለችም ወይ ብለሽ ጀመርሽ። ወላሂ አልሽ። ያቺ ታናሽ እህትህ ስትሞትብኝ ጡቴ ገና ወተት ነበረው፣ ይቺን ልጅ ታቅፌ ያጠባኋት የእህትህን ወተት ነው፣ ጥርስ አብቅላ እስክትነክሰኝ አጠባኋት፣ ወላሂ፣ ወላሂ። እሱም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። የጡት ልጅ በሸሪዓችን እንደ ሥጋ እህት ናትና፣ ተነስቶ ራሴን ስሞ፣ አውፍ በይኝ እህቴ አለኝ። ያን ቀን ከአንድ ሳህን በላን። እንጀራዬን እየቀማኝ፣ ገና ፍየል ነሽ፣ አትጠግቢም አለኝ፤ አንቺው ያወጣሽልኝ ቅጽል ስም ነው። አጥርና ዛፍ ላይ ስለምንጠለጠል ይመስለኝ ነበር። ክዳኑን መልሰሽ በሌላ ድስት ላይ ስትከድኚ አይቻለሁ፤ ከደስታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ወደዚህ ያመጣኝ። እኔ መህረምሽ ነኝ፣ ምን ያስፈራሻል ብሎ፤ ያቺ አንቺ መሐረብ እያልሽ የምታሾፊባት ቃል፣ ሴት ልጅ ሩቅ መንገድ አብሯት የሚሄድ፣ ሊያገባት የማይፈቀድለት ወንድ ማለት ናት። ክፍል ተከራየልኝ። ከማተሚያ ቤት በላይ ናት፤ ደረጃው ቀለም ቀለም ይሸታል፤ መስኮቴ የሚያየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው። ውሃ የምንቀዳው ከግቢው አንድ ቧንቧ ነው። የምሠራበት ስፌት ቤት የሴት ልብስ ብቻ ነው፤ ጂልባብ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ የትምህርት ቤት ሂጃብ። ባለቤቷም ሴት፣ ሠራተኛውም ሴት።

እዚህ መጥቼ ያገኘሁትን አልክድም። እኛ ሰፈር መስጂድ ሴት ቦታ አልነበራትም፤ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ከውጭ ከግድግዳው ሥር ነው ዱዓ ያደረግሽው። እዚህ የራሳችን ፎቅ፣ የራሳችን በር አለን። ቁርኣንን በራሴ ዐይን አነበብኩት። ለስፌት ቤቱ ጨርቅ የሚያመጣው አከፋፋይ ሦስተኛ ሚስቱ ሊያደርገኝ ሽማግሌ ሲልክ፣ የምታስተምረን ኡስታዛችን፣ ልጅቷ ራሷ ካልፈቀደች ማንም ሊድራት አይችልም ብላ ከፊቴ ቆመች፤ ወንድሜም ሽማግሌዎቹን በሻይ ሸኛቸው። ዱሮ ቢሆን በማላውቀው ቀን ተድሬ ነበር።

ያጣሁትም አለ። ዘፈኔን ተውኩ፤ ድቤሽን ስትመቺ ከኋላሽ ሆኜ የምቀበልልሽን ሁሉ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ አንቺ እኮ አሁን ሰው አይደለሽም፣ ስብከት ነሽ ብለው አንድ በአንድ ቀሩ። የደርስ እህቶቼ ጥሩ ሴቶች ናቸው፤ ሰላምታቸው ይሞቃል፤ ግን ደርሱ ሲያልቅ ሁሉም ባል ወይ አባት ወይ ልጅ ወዳለበት ቤት ይበተናሉ። እኔ ቁልፌን ይዤ ደረጃዬን እወጣለሁ። ብቸኝነት አልለምድ ብሎኛል እናቴ። ምግብ ሠርቼ ድስቱን እያየሁ አንቺን አናግርሻለሁ፤ ጨው በዛ እልሽና መልስሽን እኔው እመልስልሻለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ወንድሜ ይመጣል። ደረጃውን ሲወጣ በጫማው ነው የማውቀው። ራሴን ይስመኛል፤ ኩርሲው ላይ ተቀምጦ ያበላሸሁትን ነገር ሁሉ ይጠግናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዱን እሱ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ነው የሚበላሽብኝ።

ሙሽራዋን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ፋርማሲ ትማራለች፤ ከደርስ ጓደኞቼ እንደሷ የምወዳት የለችም። ለመህሯ፣ ጥሎሽ ይሁነኝ ብላ፣ የጠየቀችው ትምህርቷን ሳታቋርጥ እንድትጨርስና መድኃኒት ቤት እንድትሠራ ነው፤ ወንድሜም በደስታ ፈረመ። ስትመጪ ታያታለሽ፤ አነጋገሯ ለስላሳ ነው እንጂ አጥንቷ እንዳንቺ ነው። ቀሚሷን የምሰፋው እኔ ነኝ።

እንግዲህ አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ፤ ዙሪያውን ስዞር ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ነው።

አዋላጇ እትዬ ለዐይናቸው ሕክምና የመጡ ጊዜ ስፌት ቤት ድረስ ፈልገውኝ መጡ። ለሰርጉ የሚለብሱት ቀሚስ ልሰፋላቸው ሜትሬን ይዤ ደረታቸውን እለካለሁ። ትንሽ ይታገሱኝ፣ እንደገና ልለካ ብላቸው፣ እልክሽ ያው ነው፣ ምን ይደረግ፣ የፍየል ወተት ነው እንዲህ ያደረገሽ አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የምን የፍየል ወተት ነው እትዬ አልኳቸው። እሳቸውም በሰው ፊት እየሳቁ ነገሩኝ። ታናሽ ልጅሽ የሞተችው እኔ ከመወለዴ ሁለት አዝመራ ቀድማ ነው አሉ። ጡትሽ ከደረቀ ቆይቷል አሉ። እንዲያም ሆኖ እያባበልሽ ደረትሽን ትሰጪኝ እንደነበር፣ እኔ ስቤ ስቤ ምንም ሳጣ ሰፈሩን በጩኸት እንደማምሰው፣ አንቺም አብረሽኝ እንደምታለቅሺ፣ በመጨረሻ ያቺን ነጭ ፍየል ገዝተሽ በጠዋት በጠዋት እያለብሽ በጨርቅ ጫፍ እያንጠባጠብሽ እንዳሳደግሽኝ ነገሩኝ። ለዚህ እኮ ነው ፍየሊት ያለችሽ አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቀው እኔ ዛፍ ስለምወጣ መስሎኝ ኖርኩ።

የደረታቸውን ልክ አሳስቼ ጻፍኩት። ቀሚሳቸው ጠበባቸው፤ ሲለብሱት ታያለሽ።

አልተቀየምኩሽም እናቴ። ይህን በደንብ አንብቢው፤ አልተቀየምኩሽም። ልጆችሽ በአንድ ቤት ባዳ እንዳይሆኑ ብለሽ በአላህ ስም እንደማልሽ ገብቶኛል። እኔን ላለማጣት ነፍስሽን አስያዝሽ። ለሌላ ሰው አስመስዬ ኡስታዛችንን ጠየቅኳት፤ አውቆ በሐሰት ለማለ ተውበት፣ ከልብ መጸጸት፣ እንጂ ማካካሻ ጾም የለውም አለችኝ። እኔ ግን ጾምኩልሽ። አንቺም ተውበት አድርጊ፤ አላህ መሓሪ ነው፤ የእናትን ሆድ ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አዋላጇ ተናግረው ሲወጡ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። ሐዘኑ ኋላ ነው የመጣው። ቀድሞ የመጣውን አልጽፍልሽም። መጥቶ የቆየው ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ እስክከት ነው፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ አየሁና አስወጣሁት።

ምን ላድርግ? ልንገረው? ብነግረው ጓደኞቹ ጋ ይሄዳል፤ ኡስታዙ ጋ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ደርስ ቤት ሲነሳ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ራሴ ከሴቶቹ ጋር ስቄ አውቃለሁ፤ ታዲያ ምን ቸገረው፣ ያግባታ! ይላሉ ሁሉም። ያቺ ልጅስ? የመረጥኩለት እኔ አይደለሁም? አንቺስ? እናቴ በአላህ ስም ዋሸችኝ ብሎ ቢያስብ ዳግመኛ ዐይንሽን ያይ ይመስልሻል? እሱን አታውቂውም ወይ። ዝም ብዬ ልኑር እንዳልል ደግሞ ራሴን ሊስም ሲጎነበስ እሱ አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። የማላውቅ ብመስል ያየኝን አላህ ምን እለዋለሁ? ሃይማኖቴን እሱ ነው ያስተማረኝ፤ በእሱ ላይ እንዴት ላፍርሰው?

ስለዚህ ልሄድ ነው። የስፌት ቤታችን ባለቤት ራቅ ካለ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍታለች፤ ስፌትም ቁርኣንም ለልጃገረዶች የሚያስተምር ፈልጋ ነበርና እኔ ልሂድ አልኳት። ወንድሜ ሲሰማ ተቆጣ። ከሰርጉ በኋላ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ፣ ብቻሽን እንዴት ትሄጃለሽ፣ ከእኔ ሌላ ምን መህረም አለሽ አለኝ። ማሽኑ ላይ አጎነበስኩና ብጣሽ ጨርቅ ሰፋሁ፤ ክር አልነበረውም። እሱም አላየም። ከታመኑ ሴቶች ጋር ከሆነ የሚፈቅዱ ዑለማዎች አሉ፤ የባለቤቷ እህቶች ሰርጉ በሚውልበት ሳምንት ይሄዳሉና አብሬያቸው እሳፈራለሁ። ወንድሜ በሰርጉ ተወጥሮ መከተል የሚሳነው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

በሰርጉ ቀን የት አለች ቢሉሽ ሥራ ጠራት በያቸው። አንቺ ድቤሽን ምቺ፤ እንዳትቀንሽ። የምቀበልልሽን ቦታ ለሙሽራዋ እህቶች አስተምሬያቸዋለሁ፤ ድምፃቸው ትንሽ ይቀጥናል እንጂ አያሳፍሩሽም። ቀሚሱ አልቋል። የእኔና የሷ ልክ አንድ ስለሆነ እሷን ከማንከራተት ብዬ በራሴ ላይ ለካሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ጥሩ ይቀመጣል።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይሄኛውስ ባይጠራ ምናለ። የአዋላጇን አፍ ያዢልኝ። እሱ አንድ ቀን፣ እህቴ ለምን ሸሸችኝ ብሎ ፊትሽ ቁጭ ቢል ደግመሽ አትማይ፤ ምንም አትበይ፤ ብቻ የማልሽውን አታፍርሺበት። እህት እንዳለው ይኑር። እኔ ርቄ ከኖርኩ እሱም አይበድል፣ እኔም አልበድል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ደወለ። ሙሽራዋን ይዤ ልምጣና ቀሚሱን እንይ ወይ አለኝ። እሷን ብቻዋን ላካት አልኩት። ድምፅሽ ምን ሆነ፣ ጉንፋኑ አልለቀቀሽም እንዴ አለኝ፤ ከአዋላጇ ወዲህ ሲመጣ እንዳይጠጋኝ ጉንፋን ይዞኛል እያልኩት ነው። አዎ አልኩት። እንግዲያው ማርና ሎሚ ይዤልሽ ልምጣ አለ። በሩ ላይ አስቀምጠው፣ እንዳይጋባብህ አልኩት። አሁን የጫማው ድምፅ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። እንግዲህ ያንኳኳል። ያኔ ሲያንኳኳ ሮጬ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ እጄ ንጹሕ ነው፣ ግን አልከፍትም።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የልጅሽን ልጅ ያሳቅፍሽ። የደረቀ ጡትሽን ደረቅ ነው ሳትይ ለሰጠሽኝ፣ የጀነትን ወንዝ ወተት ያጠጣሽ፤ አሚን። ካነበብሽው በኋላ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ልጅሽ፣
ፍየሊት